ፍሎረንስ ናይቲንጌል፦ የሞትን ቁጥር በሥዕል ያሳየች ነርስ

በመሐል ሜዳ ወይም በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልጅ ለማስከተብ ጤና ኬላ ሄደው ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ አንድ ትልቅ ወረቀት አይተው ይሆናል። ከግርጌው ከሐምሌ እስከ ሰኔ የወራቱ ስም በተርታ ተጽፏል። ከጎኑ የሕፃናት ቁጥር ከታች ወደ ላይ እየጨመረ ይሄዳል። በመካከሉ ደግሞ በየወሩ ከፍ የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። አንደኛው መስመር አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰዱትን ሕፃናት፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን ዙር የጨረሱትን ያሳያል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ክትባት ጀምረው ያቋረጡት ልጆች ናቸው። ምናልባት አንዱ የጎረቤትዎ ልጅ ይሆናል፤ ምናልባትም የእርስዎ።

ብዙዎቻችን ይህን ወረቀት የመንግሥት ሪፖርት ነው ብለን ሳናየው እናልፋለን። ነገር ግን በመዝገብ ውስጥ የተኛን ቁጥር ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ እንዲረዳው አድርጎ መሳል ብዙ ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው። ይህን ሥራ ቀድመው ከጀመሩትና ለዓለም ካስተማሩት ሰዎች አንዷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። አብዛኛው ሰው የሚያውቃት ሌሊት ፋኖስ ይዛ ቁስለኞችን ስትጎበኝ ነው። ዛሬ የምናስተዋውቅዎት ግን እስክሪብቶና ቀለም የያዘችውን ናይቲንጌል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቷና ትምህርቷ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሜይ 12 ቀን 1820 በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ከተማ ተወለደች። ስሟም የተሰጣት በከተማዋ ነው። ወላጆቿ ሀብታም እንግሊዛውያን ነበሩ። በዚያ ዘመን የሴት ልጅ ትምህርት ከጥልፍና ከሙዚቃ ብዙም አያልፍም ነበር። አባቷ ግን እርሷንና እኅቷን ቤት ውስጥ ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍና አስተማራቸው። ናይቲንጌል ከሁሉም በላይ የወደደችው ሒሳብን ነበር።

በ16 ዓመቷ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደጠራት አመነች። አገልግሎቱ በሽተኞችን ማስታመም መሆኑን ስትረዳ ግን ቤተሰቧ በጽኑ ተቃወማት። በዚያን ጊዜ የሆስፒታል አስታማሚነት የደሃ ሥራ ነበር፤ ስሙም የተከበረ አልነበረም። ናይቲንጌል ለዓመታት ስትከራከር ቆየች። እስከዚያው ድረስ ማልዳ እየተነሣች፣ ቤተሰቡ ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣ የመንግሥትን የጤናና የሆስፒታል ሪፖርቶች ታነብ ነበር። የምታገኘውንም ቁጥር በማስታወሻዋ ትገለብጣለች። ወደፊት የምትሠራው ሥራ ሁሉ መሠረቱ የተጣለው በእነዚያ ጠዋቶች ነው።

በ1851 በጀርመን አገር በካይዘርስቨርት ለሦስት ወራት ያህል የአስታማሚነት ትምህርት ተማረች። በ1853 ደግሞ በለንደን የአንዲት ትንሽ የሴቶች ሕሙማን ማረፊያ ኃላፊ ሆነች።

የጦርነቱ ሆስፒታል

በዚያው ዓመት በሩሲያና በቱርክ መካከል የክራይሚያ ጦርነት ተነሣ። በዓመቱ እንግሊዝና ፈረንሣይ ከቱርክ ጎን ተሰለፉ። የቆሰሉና የታመሙ የእንግሊዝ ወታደሮች በመርከብ ተጭነው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ዛሬ ኢስታንቡል በምትባለው ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው የስኩታሪ ሆስፒታል ይላኩ ነበር። የሆስፒታሉ አሳዛኝ ሁኔታ በጋዜጣ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ። የጦርነት ጉዳይ ሚኒስትሩ ሲድኒ ኸርበርት የናይቲንጌል ወዳጅ ስለነበር እንድትሄድ ጠየቃት። 38 ሴቶችን አስከትላ በኖቬምበር 1854 ስኩታሪ ገባች።

ዘመኑን ከሀገራችን ታሪክ ጋር ለማስተያየት ያህል፣ ናይቲንጌል ስኩታሪ በገባች በጥቂት ወራት ውስጥ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ነገሡ። በዚያው በ1855 መጨረሻም ወደ ሸዋ ዘመቱ።

ሆስፒታሉ የወታደር ሰፈር የነበረ ግዙፍ ሕንፃ ነው። ከሥሩ የተደፈነ የፍሳሽ ቦይ ነበር። አየር አይገባም። በሽተኞች በጠባብ ቦታ ተደራርበው ይተኛሉ። ልብሳቸው በቅማል የተወረረ ነው። ተቅማጥ፣ ኮሌራ፣ ታይፈስና ታይፎይድ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታሉ። ናይቲንጌል ልብስ ማጠቢያ አቋቋመች፤ ምግቡ እንዲሻሻል አደረገች፤ ሳሙና፣ ፎጣና አንሶላ አስገዛች። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ክረምት ሞቱ አልቆመም፤ እንዲያውም ጨመረ።

በማርች 1855 ከለንደን የተላከ የንጽሕና ኮሚሽን ደረሰ። ኮሚሽኑ የፍሳሽ ቦዮቹን አስጠረገ፤ የሞቱ እንስሳትን ከውኃ መስመሩና ከግቢው አስወጣ፤ ግድግዳውን በኖራ አስቀባ፤ አየር እንዲዘዋወርም መስኮቶችን አስከፈተ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የሟቹ ቁጥር እጅግ ወረደ።

መዝገቡ ምን ተናገረ?

ናይቲንጌል በ1856 ወደ እንግሊዝ ስትመለስ ሕዝቡ እንደ ጀግና ጠበቃት። እርሷ ግን ክብሩን ሸሽታ አንድ ጥያቄ ይዛ ተቀመጠች። እነዚያ ወታደሮች ሁሉ ምን ገደላቸው?

መልሱ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ነበር። መዝገቡ ግን የተዘበራረቀ ነበር። በስኩታሪ ሟቾች በተለያዩ መዝገቦች ይጻፉ ነበር፤ መዝገቦቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በዚህ ሥራ የረዳት ዊሊያም ፋር የተባለ ሐኪም ነው። ፋር በእንግሊዝ የልደትና የሞት ምዝገባ መሥሪያ ቤት ሆኖ የሕዝቡን የሞት መንስኤ የሚመድብና የሚቆጥር ሰው ነበር። ሁለቱ የጦር ሠራዊቱን መዝገብ ወር በወር አጣሩት።

በጃንዋሪ 1855 ብቻ 2,761 ወታደሮች መከላከል በሚቻል በሽታ ሞተዋል። በዚያው ወር በቁስል የሞቱት 83 ነበሩ። በሌላ ምክንያት ደግሞ 324 ሞተዋል። ከጠላት ጥይት ይልቅ ቆሻሻ ውኃ፣ የተጨናነቀ ክፍልና ቅማል ሠራዊቱን ፈጅተውታል ማለት ነው።

ቁጥሩ ናይቲንጌልን ራሷንም አልማራትም። በመጀመሪያው ክረምት ብዙ ሰው ከሞተባቸው ቦታዎች አንዱ እርሷ የነበረችበት የስኩታሪ ሆስፒታል ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ጥፋቱን በይበልጥ የምታየው በምግብና በአቅርቦት እጥረት ነበር ይባላል። መዝገቡን ካጣራች በኋላ ግን ንጽሕናንና አየርን ከሁሉ አስቀደመች። ይህ ለውጥ ምን ያህል እንዳሳዘናት የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከራሉ። እኛ የምንወስደው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ በሆስፒታሉ ውስጥ ቀንና ሌሊት የሠራችው ሴት እንኳ አጠቃላዩን ሁኔታ ማየት የቻለችው ቁጥሩ ሲደራጅ ነው።

በድፎ ዳቦ የተመሰለው ሥዕል

ናይቲንጌል አንድ ነገር በሚገባ ታውቅ ነበር። ሚኒስትሮችና የምክር ቤት አባላት በቁጥር የተሞላ ሠንጠረዥ አያነቡም። ስለዚህ በ1858 ቁጥሩን በሥዕል አደረገችው።

ሥዕሉን በሐሳብዎ ለማየት አንድ ክብ ድፎ ዳቦ ከመሐሉ ተነሥቶ በ12 ሲቆረስ ያስቡ። እያንዳንዱ ቁራሽ አንድ ወር ነው። በመሐል ያለው የሁሉም ጫፍ እኩል ነው፤ ወደ ውጭ የሚደርሱበት ርቀት ግን ይለያያል። ብዙ ሰው የሞተበት ወር ቁራሹ ወደ ውጭ ይረዝማል፤ ጥቂት የሞተበት ወር ወደ መሐል ያጥራል። ሰማያዊው ቀለም መከላከል በሚቻል በሽታ የሞቱትን ያሳያል። ቀዩ በቁስል የሞቱትን፣ ጥቁሩ በሌላ ምክንያት የሞቱትን ነው። ሥዕሉን የሚያይ ሰው ማንበብ ባይችል እንኳ ሰማያዊው ቀለም ሌላውን ሁሉ እንደዋጠው ወዲያው ይገባዋል።

ከዚያው ሥዕል አጠገብ የቀጣዩ ዓመት ሌላ ክብ አለ። በዚያኛው ሰማያዊው ቀለም ወር በወር እየሟሸሸ ይሄዳል። በጃንዋሪ 1856 በበሽታ የሞቱት 42 ብቻ ናቸው። ከዓመት በፊት በዚያው ወር 2,761 ነበሩ።

ናይቲንጌል በዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎችን አድርጋለች። ሁለቱም ዛሬ ማንኛውንም የጤና ሥዕል ሲያዩ ይጠቅሙዎታል።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ቁጥሩን ከስንት ሰው መካከል እንደሆነ ማየት ነው። በጃንዋሪ 1855 የሠራዊቱ ብዛት 32,393 ነበር፤ በጃንዋሪ 1856 ደግሞ 44,212። ስለዚህ ሞቱ የቀነሰው ወታደሩ ስላነሰ አይደለም፤ እንዲያውም ወታደሩ በዝቶ ሳለ ነው። እርሷም የሣለችው የሟቹን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከ1,000 ወታደር ስንቱ እንደሞተ አስልታ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ሥዕሉ ራሱ እንዳያታልል ነው። መጀመሪያ በሠራችው ሥዕል ቁጥሩ የሚለካው ከመሐል ባለው ርዝመት ነበር። ዓይን ግን የሚያየው ስፋትን ስለሆነ ልዩነቱ ከእውነቱ በላይ ገዝፎ ይታያል። ይህን ስታስተውል ስፋቱ ራሱ ቁጥሩን እንዲለካ አድርጋ እንደገና ሣለችው። ሥዕሉ በዚያም ቢሆን አስደንጋጭ ነበር፤ አሁን ደግሞ እውነተኛም ሆነ።

የሥዕሉ ሌላ ትምህርት መሻሻል ሁልጊዜ በቀጥታ መስመር እንደማይሄድ ነው። ከንጽሕና ኮሚሽኑ በኋላ በሜይ 1855 በበሽታ የሞቱት 508 ነበሩ፤ በጁን ግን ወደ 802 ከፍ አለ፤ በጁላይ ወደ 382 ወረደ። የአንድ ወር ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ሥራው ከሸፈ ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያየ ሰው ግን አቅጣጫውን ይረዳል። በእርግጥ ለመሻሻሉ ንጽሕናው ብቻ ሳይሆን የአየሩ መሞቅና የስንቁ መስተካከልም አስተዋጽኦ ነበራቸው።

በሰላም ጊዜስ?

ናይቲንጌል በጦርነቱ አላበቃችም። በእንግሊዝ አገር በሰፈር የተቀመጡትን፣ ጦርነት ያላዩትን ወታደሮች መዝገብ ተመለከተች። ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ከ1,000 የእንግሊዝ ወንዶች በዓመት 8.4 ይሞቱ ነበር። በዚያው ዕድሜ ካሉት ወታደሮች ግን 17.0 ይሞታሉ። ወታደሮቹ ተመርምረው የተመረጡ ጤነኛ ወጣቶች ሆነው ሳለ ሞታቸው እጥፍ ነበር። ይህን ደግሞ በጥንድ በጥንድ በተሰመሩ አጫጭርና ረጃጅም መስመሮች አሳየች።

ሥራዋ ፍሬ አፈራ። የወታደር ሰፈሮች የአየር ማስገቢያና የፍሳሽ ማስወገጃ ተሠራላቸው፤ የጦር ሠራዊቱ የጤና መረጃ ክፍልም ተቋቋመ። በ1858 የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት በስሟ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሆስፒታሎች ሁሉ በሽተኛንና ሞትን በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዘግቡ ሐሳብ አቀረበች፤ ያለዚያ አንዱን ከሌላው ማወዳደር አይቻልምና። በ1861ዱ የሕዝብ ቆጠራ የታመሙ ሰዎችና የቤት ሁኔታ እንዲቆጠሩ ብትጠይቅም ተቀባይነት አላገኘችም። ዛሬ ግን ብዙ አገሮች ሕዝብና ቤትን አብረው ይቆጥራሉ።

የራሷ ሕመም

ይህን ሁሉ የሠራችው አብዛኛውን ጊዜ አልጋ ላይ ሆና መሆኑን ያውቃሉ? በሜይ 1855 በክራይሚያ ከባድ ትኩሳት ያዛት፤ ከሞት አፋፍ ተመለሰች። ከጦርነቱ በኋላም ለብዙ ዓመታት ትኩሳት፣ ድካም፣ የጀርባ ሕመምና የልብ መምታት እያገረሸባት ኖራለች። በኋላ ዘመን ታሪኳን የመረመሩ ሐኪሞች ሕመሙ ብሩሴሎሲስ ሳይሆን እንደማይቀር ገምተዋል።

ይህ በሽታ በግና ፍየል፣ ላምና በሬ ለሚረባበት እንደ መንዝ ላለ አገር እንግዳ አይደለም። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፈው ባልተፈላ ወተት እንዲሁም የጨነገፈን ፅንስና የእንግዴ ልጅን በባዶ እጅ በመንካት ነው። እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም ከሳምንታት በላይ ከቆየብዎ፣ እንስሳ እንደሚያረቡ ጨምረው ለሐኪም ይንገሩ። ወተት አፍልተው ይጠጡ። በሽታው በወቅቱ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል፤ ናይቲንጌል ግን በዘመኗ ይህ መድኃኒት አልነበረላትም።

በቅማል የሚተላለፉት ታይፈስና የሚያገረሽ ትኩሳትም በብርድ አገር፣ ሰው ተጠጋግቶ በሚተኛበትና ልብስ ቶሎ ቶሎ በማይታጠብበት ቦታ ይበረታሉ። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው መሐል ሜዳ ብርዱን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። ልብስና አንሶላን በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ባናውንም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ቀላል መከላከያ ነው።

ናይቲንጌል በ1907 የእንግሊዝን የሜሪት ኒሻን የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመቷ ዐረፈች። በታላቁ የዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን የመቀበር ክብር ቢቀርብላትም ቤተሰቧ አልተቀበለውም፤ በቤተሰቧ መቃብር አጠገብ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች።

ይህ ታሪክ ለእርስዎ ምን ይጠቅማል?

የሀገራችን የጤና መረጃም ተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤትዎ መጥታ በቤተሰብ ማህደር የምትጽፈው ነገር ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከወረዳ ወደ ዞንና ክልል፣ ከዚያም ወደ ጤና ሚኒስቴር ይደርሳል። ከዚህ ሌላ በየጥቂት ዓመቱ በናሙና በሚደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ወደ 67 ወርዷል። በመስመር ቢሣል ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ነው። ነገር ግን 67ም ቢሆን ከ15 ልጆች አንዱ ማለት ነው፤ ገና ሩቅ ነው።

በጤና ተቋም የሚያገኟቸውን ሥዕሎች እንዲህ ይመልከቷቸው፦

• የክትባት መከታተያው፦ ሁለቱ መስመሮች ተጠግተው ከሄዱ የጀመሩት ልጆች እየጨረሱ ነው። ከተራራቁ የሚያቋርጡ አሉ። ልጅዎ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ መከተቡን ከካርዱ ያረጋግጡ።

• የክንድ መለኪያው፦ ይህም የናይቲንጌል ዘዴ ነው፤ ቁጥር በቀለም ተተክቷል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ቀዩ ላይ ካረፈ ከባድ የምግብ እጥረት ነውና ዛሬውኑ ሕክምና ይጀምር። ቢጫ ከሆነ ክትትል ያስፈልገዋል።

• የምጥ መከታተያው ወይም ፓርቶግራፍ፦ አዋላጇ የማኅፀን በር መከፈትን፣ የፅንሱን የልብ ምትና የእናቲቱን ሁኔታ በየጊዜው የምትሥልበት ወረቀት ነው። ምጡ ከሚጠበቀው ሲዘገይ መስመሩ ቀድሞ ይናገራል፤ ወደ ሆስፒታል መላክ ያለባትን እናት በጊዜ ለመለየት ይረዳል።

• በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር፦ ከስንት ሰው መካከል እንደሆነ ይጠይቁ። የመጨረሻው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ2007 (በ1999 ዓ.ም.) ስለሆነ የየቀበሌው የሕፃናት ብዛት በአብዛኛው በግምት ይሰላል። ለዚህም ነው አንዳንድ ጊዜ ከ100 በመቶ የሚበልጥ ቁጥር የሚያዩት።

ከሁሉም በላይ ግን ትክክለኛውን ይንገሩ። በቤትዎ ልጅ ተወልዶ ከሆነ ያስመዝግቡ። ሰው ከሞተ፣ በተለይ እናት በወሊድ ወይም ሕፃን በትኩሳት ከሞተ፣ ሐዘኑ ቢከብድም አይደብቁ። ክትባት ካመለጠም በድፍረት ይናገሩ፤ ያመለጠ ክትባት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከመጀመሪያው አይጀመርም። በስኩታሪ ያልተመዘገበውን ሟች ናይቲንጌልም ልትሥለው አልቻለችም። ያልተነገረ ሞት ለቀጣዩ ሰው ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

በሚቀጥለው ጊዜ ጤና ኬላ ሲሄዱ ወረፋዎ እስኪደርስ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ካልገባዎት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጠይቋት፤ ወረቀቱ የተሣለው ለወረዳ ተቆጣጣሪ ብቻ ሳይሆን ለእርስዎም ነው።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የተዘጋጀ ነው፤ የሐኪምን ምርመራና ምክር አይተካም። የማይሻል ትኩሳት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም የተራዘመ ምጥ ሲያጋጥም ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይሂዱ።